ወደ ይፋት ቆላ የተደረገ የልጆች ጉዞና ከጉዞ በፊት ሊጻፍ የሚገባው ደንብ



ልጅን ከቤት አውጥቶ አገሩን ማሳየት ታላቅ ትምህርት መሆኑን የሚጠራጠር ሰው የለም። በመጽሐፍ ያነበበውን ተራራ በእግሩ የወጣ፣ በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለውን ወንዝ በዓይኑ ያየ ልጅ፣ አገሩን የሚወድበትን ምክንያት ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ያውቃል። ይህም አሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ተማሪ ቤቶች የቦይ ስካውት ማኅበር ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል፤ በየክረምቱም ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ይሰማራሉ። ነገር ግን ልጅን ማውጣት አንድ ነገር ሲሆን፣ ልጅን በደኅና መልሶ ለእናቱ ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። የምንጽፈውም ከሌላ ሰው ሰምተን ሳይሆን፣ ራሳችን ስላየነውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሳችንም ስላጠፋነው ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጳጉሜን 1 ቀን 36 ተማሪዎችን የያዘ አንድ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ እኛም በእንግድነት አብረን ነበርን። ልጆቹን የሚመሩ ሁለት መምህራን ሲሆኑ፣ የጉዞውም አሳብ ሦስት ሌሊት በድንኳን አድሮ ወንዙን፣ እርሻውንና የአገሩን ጥንታዊ ታሪክ መመልከት ነበር። ከተማሪዎቹም አንዱ የ14 ዓመት ልጅ የሆነ የእኅታችን ልጅ ነበረ።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንንገረው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደብረ ብርሃን ይደረሳል፤ ይህችም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም አገር ናት። ከዚያም መንገዱ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል እየወጣ ወደ ጣርማ በር ይደርሳል። በዚያ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ቀድደው ያበጁት፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የዋሻ መንገድ አለ። በዋሻው ስንገባ ጭጋግ ስለ ነበረ ልጆቹ ሁሉ በካቦርታቸው ተጠቅልለው ነበር። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ግን ምድር ከፊታችን ተሰነጠቀች ያሰኛል፤ ደብረ ሲና ከገደሉ ጫፍ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከእርሷም በታች ሸንተረሩ በሸንተረር ላይ እየተደራረበ እስከ አዋሽ በረሓ ድረስ ይወርዳል። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። አርማንያን ካለፍን በኋላ ልጆቹ መጀመሪያ ካቦርታቸውን፣ ቀጥሎም ሹራባቸውን እያወለቁ ይስቁ ጀመር። በግራና በቀኝም ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ፓፓያ፣ በግራሩም ሥር የቆሙ ግመሎች ይታዩ ነበር።

ይፋት የቆየ ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሡልጣኖች ይገዙት ነበር። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውም የንግድ መንገድ በዚህ ያልፍ ስለ ነበረ፣ ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 የዘመቱት ወደዚህ ወገን ነው። ኋላም በሸዋ ነገሥታት ዘመን ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የታወቀች ገበያ ሆነች። ከታጁራ የመጣው ነጋዴ ግመሉን እየነዳ እስከዚያ ይወጣል፤ የደጋውም ሰው አህያውንና በቅሎውን ይዞ እስከዚያ ይወርዳል። ገበያው በሽቅቡ መካከል መቆሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። የቆላውም የደጋውም ሰው አንዱ በሌላው አገር ማደርን ይፈራ ነበርና።

የደጋው ሰው የሚፈራው ንዳድን ነው። በዚህ ወገን ያሉ ሽማግሌዎች እንደሚነግሩት፣ በቆላ እርሻ ያለው የደጋ ገበሬ ቀኑን ሲያርስና ሲያርም ውሎ፣ ፀሓይ ስታዘቀዝቅ የቱንም ያህል ቢደክም ሽቅቡን ወጥቶ በመንደሩ ያድር ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ክፉ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር እንጂ ሌላ ምክንያት አያውቅም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ የወባን ነገር በቢምቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 በሕንድ አገር ነው። ዛሬም በአገራችን በሽታውን ከሁሉ አብልጣ የምታስተላልፈው ቢምቢ ከምሽት እስከ ንጋት የምትናከስ፣ ዝናም ባቋረው ፀሓይ በሚያገኘው ውሃ የምትራባ መሆኗን እናውቃለን። እንግዲህ የይፋት ገበሬ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ደንቡን ያውቅ ነበር፤ ደንቡም «በቆላ ዋል እንጂ አትደር» የሚል ነው። ይህን ደንብ በወረቀት የጻፈው ሰው የለም፤ ከአባት ወደ ልጅ በእግር የተላለፈ ነው።

ቆላው ያልለመደው ሰው ሰውነት በወባ ፊት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ዝናሙና ሙቀቱ ከልክ ስለ በዛ፣ ወባ ወትሮ ወደማይደርስበት ከፍታ ወጣና 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሰውም እንደ ሞተ ተገምቷል። በሚከተለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት መቋቋሙም ከዚህ መከራ በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚወርድ ልጅ እንደዚያ ጊዜው ደገኛ ነው፤ በደሙ ውስጥ አንዳች መከላከያ የለውም።

ወደ ጉዞአችን እንመለስ። ሸዋ ሮቢት የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ እጅግ የበረታ ነበር። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በአጠገቧ የሚያልፈው የሮቢ ወንዝ ከደብረ ሲና ወገን ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። መምህራኑ የሰፈር ቦታ ሲፈልጉ፣ ከወንዙ ዳር ሰፊ፣ ደልዳላና ንጹሕ አሸዋ አገኙ። ውሃው በወዲያኛው ጠርዝ ብቻ እንደ ጅማት ቀጥኖ ይፈስ ነበር። ለድንኳን ከዚህ የሚሻል ቦታ ያለ አይመስልም፤ እሾህ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ውሃም ቅርብ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ድንኳን ተተከለ። አውቶቡሱም ለማደር ወደ ከተማው ገባ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፍየሎቻቸውን እየነዱ አንድ አዛውንት መጡና ቆመው ተመለከቱን። ከዚያም በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣

«ልጆቼ፣ ከዚህ ተነሡ፤ ይህ የወንዙ መኝታ ነው እንጂ የሰው አይደለም» አሉ።

ከመምህራኑ አንዱ ወደ ሰማይ አመለከተና «አባቴ፣ እንደሚያዩት ደመና እንኳ የለም» አላቸው።

አዛውንቱም ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደብረ ሲና ተራራ መልሰው «ልጄ፣ የሮቢ ደመና እዚህ አይደለም፣ እዚያ ነው» አሉት። እኛም ብንመለከት የተራራው ራስ ጠቁሮ ነበር።

በዚህ ጊዜ የሆነውን በግልጥ መናገር ያስፈልጋል። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹንም ይወድ ነበር። ነገር ግን ድንኳኑ ተተክሏል፤ ልጆቹ ደክመዋል፤ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ሁለተኛው መምህር «ለመነሣት ፈቃድ እንጠይቅ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደወለ፤ የሚያነሣ ግን አልተገኘም። «እንነሣ» ብሎ ለማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን እንደ ሆነ ከጉዞው በፊት አልተወሰነም ነበርና፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኛም እንግዶች ነን ብለን ዝም አልን። አዛውንቱ ግን ምንም ሳይናገሩ በትራቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ድንኳን ካስማ ይነቅሉ ጀመር። ልጆቹም የሰማንያ ዓመት ሰው የሚሆኑ አባት ካስማ ሲነቅሉ ቆሞ ማየት አሳፈራቸውና ሁሉም ተነሥተው አገዙአቸው። ሌሊት ሳይሆን ከዳገቱ ወጥተን በግራሮቹ መካከል ሰፈርን።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ድምፁ ግን አላለፈም፤ እየበረታ ሄደ። በባትሪ ብናበራ፣ ያ ንጹሕ አሸዋ የለም፤ በስፍራው ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል ጥቁር ውሃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይሄዳል። በሰፈራችን አንዲት ነጠብጣብ ዝናም አልወረደችም ነበር። ሲነጋም ድንኳኖቻችን ተተክለው በነበሩበት ቦታ አንድ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተጋድሞ አገኘነው።

ይህ ነገር በይፋት ብቻ የሚሆን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉን የማያስታውስ የለም። ደቻቱም ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖር ወንዝ ነው። ከደጋው ግርጌ ያሉት ወንዞች ሁሉ ጠባያቸው ይህ ነው፤ ዝናሙ በአንድ አገር ይዘንማል፣ ጎርፉ በሌላ አገር ይገድላል።

በማግሥቱ ሁላችንም ከሞት ስለ ዳንን እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ለአዛውንቱም ልጆቹ ካላቸው ስንቅ አዋጥተው ሰጡ። ነገር ግን ትልቁን አደጋ ስናይ ትንሹን አላየንም። የአልጋ አጎበሮቹ ያሉበት ጆንያ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሳይወርድ ቀርቶ፣ ከአውቶቡሱ ጋር ወደ ከተማው ገብቶ ነበር። ይህንም እኛ በዓይናችን አይተናል። ጆንያው ሲሄድ አይተን፣ በልባችን «ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል» ብለን ዝም አልን። ልጆቹም ያን ሌሊት በደስታ በእሳት ዙሪያ ሲዘፍኑ አመሹ፤ ጎርፉ ከመጣም በኋላ እስኪነጋ ድረስ ውጭ ተቀምጠው ውሃውን ሲመለከቱ ነበር።

ጳጉሜን 4 ቀን ሁሉም በደኅና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወላጆችም «እንኳን በሰላም መጣችሁ» ብለው ተቀበሉ። የጉዞው ነገር በዚህ ያለቀ መሰለ።

መስከረም 11 ቀን የእኅታችንን ልጅ ራሱን አመመው፤ አንቀጠቀጠውም። ይኸውም በወንዙ ዳር ካደረበት ሌሊት 16ኛው ቀን ነበር። ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰደና «ብርድ ነው» ተብሎ ኪኒን ተሰጠው። ልጁ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ሰው የለም፤ እናቱም ትኩሳቱን ከጉዞው ጋር የምታያይዝበት ምክንያት አልነበራትም፣ ማንም አልነገራትምና። እኛም በዚያ ሳምንት ከከተማ ውጭ ነበርን። ትኩሳቱ ሲነሣና ሲበርድ አምስት ቀን አለፈ። በመስቀል ዋዜማ ደመራ ሲለኮስ ልጁ ራሱን ሳተ፤ እናቱንም የማያውቃት ሆነ።

በዚያ ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሲደርስ ተረኛዋ ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ልጁ በዚህ አንድ ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበርን?» አለቻት። እናቱም «ሸዋ ሮቢት ሄዶ ነበር» ብላ መለሰች። ደሙ ወዲያው ተመረመረ፤ ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳይ የሆነው ተገኘበት። መድኃኒቱ በመርፌ በደም ሥሩ ተሰጠው። ሦስት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ዓይኑን ገለጠ፤ በአሥራ ሁለተኛውም ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዛሬ ጤነኛ ነው። ነገር ግን ያቺ ሐኪም ያንን አንድ ጥያቄ ባትጠይቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃል እንጽፈው ነበር።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ነገር ማን አጠፋ ብለን ብዙ አሰብን። የክፋት ሥራ የሠራ አንድም ሰው አላገኘንም። ያገኘነው አስቀድሞ ያልተጻፈና በማንም ትከሻ ላይ ያልተጫነ ኃላፊነት ነው። እኛም «አጎበሩ ቀርቷል» የምትል አንዲት ቃል ለመናገር የከበደን፣ ያ ጉዳይ የማን እንደ ሆነ ስላልታወቀ ነው።

በሌሎች አገሮችም ይኸው ሆኗል። በእንግሊዝ አገር በመጋቢት ወር 1993 ከፕሊመዝ ከተማ የመጡ ስምንት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር፣ በሁለት አሠልጣኞች እየተመሩ፣ ካያክ በምትባል ቀጭን ጀልባ በላይም ቤይ ባሕር ለአጭር መንገድ ወጡ። ነፋስ ከዳር እያራቀ ወሰዳቸው፤ ማዕበሉም ጀልባቸውን ሞላው፤ አለመመለሳቸው ታውቆ ረዳት እስኪላክላቸውም ብዙ ሰዓት አለፈና ከተማሪዎቹ አራቱ ሞቱ። ነገሩ ሲመረመር፣ በዚያ የወጣቶች ማሠልጠኛ ሠርተው የነበሩ ሁለት ሰዎች አደጋው ከመድረሱ ከወራት በፊት «የጥንቃቄው ሥራ እጅግ የጎደለ ነው» ብለው ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጽፈውለት ኖሯል። ደብዳቤው ደርሷል፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። ስለዚህም ድርጅቱና ሥራ አስኪያጁ በነፍስ ማጥፋት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1995 ሕግ አውጥቶ፣ ወጣቶችን ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ለእንዲህ ያለ ሥልጠና የሚያወጣ ድርጅት ሁሉ መርማሪ ሳያየውና ፈቃድ ሳይሰጠው እንዳይሠራ አዘዘ። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አራት መቃብር ቀድሞታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይህ ነው።

እኛም ከዚህ ሁሉ ተምረን፣ ወጣቶችን ወደ ቆላ የሚያወጣ ተማሪ ቤት፣ ማኅበር ወይም የሰፈር ጣቢያ ቢያንስ የሚከተለውን ጽፎ እንዲይዝ እናሳስባለን።

1ኛ፤ ከጉዞው በፊት አንድ ሰው በስሙ ተጽፎ ይሾም። እርሱም ማንንም ሳያስፈቅድ «እንቁም» ወይም «እንመለስ» ለማለት ሙሉ ሥልጣን ይኑረው። በወንዝ ዳር ያለ ሰው በስልክ ፈቃድ አይጠብቅም።

2ኛ፤ የሰፈሩ ቦታ በቀን ብርሃን፣ የአገሩን ሰው ጠይቆ ይመረጥ። አሸዋው ምንም ያህል ቢያምር በወንዝ ማዶና ማዶ መካከል ድንኳን አይተከል። ሽማግሌ «ተነሡ» ካለ ምክንያቱን ከተነሡ በኋላ መጠየቅ ይቻላል።

3ኛ፤ በቆላ ወባ የሚበረታው የክረምቱ ዝናም ሲያበቃ፣ ይልቁንም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የበልጉም ዝናም ካለፈ በኋላ ደግሞ ይነሣል። ስለዚህ ጉዞው ቢቻል በደረቁ ወራት ይሁን። በሌላው ጊዜ የሚወርድ ግን አስቀድሞ ሐኪም አማክሮ የመከላከያ መድኃኒት ይጠይቅ። ለእያንዳንዱም ልጅ አጎበር ይቆጠርለት፤ አጎበሮቹ ተዘርግተው ሳይታዩም መሪው አይተኛ።

4ኛ፤ ልጆች ቀስ ብሎ በሚፈስና በቆመ ውሃ አይታጠቡ፣ አይዋኙም። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ ያፈራልና። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአድዋ ወንዝ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ይህን በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም አስረድተዋል። ሊቁ ይህን ያህል የደከሙበትን በሽታ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ዋና ብሎ መሸመት አይገባም።

5ኛ፤ ደገኛ ልጅ በቆላ ፀሓይ በቀትር አይጓዝ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከጥላ ሥር ይረፍ። የሚጠጣውም የፈላ ወይም የታከመ ውሃ ይሁን።

6ኛ፤ የቅርቡ ሐኪም ቤት የት እንዳለ፣ በሌሊት በምን መኪና እንደሚኬድ አስቀድሞ ይታወቅ። መኪናው ከሰፈሩ ርቆ አይደር። የልጆቹም ስም ማታና ጠዋት ይጠራ።

7ኛ፤ ልጆቹ ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ወላጅ አንዲት ወረቀት ትሰጥ። በእርሷም «ልጅዎ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በቆላ አድሯል፤ ከዛሬ ጀምሮ እስከ አንድ ወር ትኩሳት ቢይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር፤ ይህንንም ወረቀት ለሐኪም ያሳዩ፤ ከወር በኋላም ቢሆን ትኩሳት ቢነሣበት ጉዞውን ለሐኪም ይንገሩ» የሚል ይጻፍባት። ወባ ልጁን የሚጥለው ብዙ ጊዜ በቆላው ሳይሆን ከጉዞው በኋላ፣ ማንም በማይጠረጥርበት በደጋው ቤቱ ነው። የሰባተኛው ደንብ ዋጋ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እርሱ ይመስለናል።

በእነዚህ ላይ ዘመኑ ያመጣውን አንድ ነገር እንጨምራለን። ከዚያ ጉዞ ወዲህ በይፋት ብዙ መከራ አልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። ስለዚህ ልጆችን ከማውጣት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩን ሹምና ነዋሪ መጠየቅ ከደንቦቹ ሁሉ ይቀድማል፤ መልሱም አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ይቅር። ጦርነት ባለፈበት ምድርም ልጅ ያገኘውን ብረት ሁሉ እንዳያነሣ በጥብቅ ይነገረው።

«ይህ ሁሉ ደንብ ልጆቹን ያስፈራል፣ ደስታቸውንም ይቀንሳል» የሚል ሰው አይታጣም። እኛ ግን ያየነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ልጆቹ ከዚያ ጉዞ አብልጠው የሚያወሩት ስለ ዋናው ወይም ስለ ዘፈኑ አይደለም፤ ካስማ ስለ ነቀሉት አዛውንት ነው። አንዲት ተማሪም «ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ ባየሁ ቁጥር ከላይ ያለውን ተራራ እመለከታለሁ» ብላ ነግራናለች። ጥንቃቄን መማር ራሱ አገርን ማወቅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ልጁ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ፣ ከእኅታችን ጋር ሆነን ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለስን። አዛውንቱንም ጠይቀን ከወንዙ ዳር አገኘናቸው። እኅታችን ጋቢ አልብሳ እጃቸውን ሳመች፤ ስለ ጎርፉ አመሰገነቻቸው፤ ስለ ልጇም ሕመም ነገረቻቸው። እርሳቸውም ስለ ሕመሙ አዝነው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያን ቀን እኔ ወደ ገበያ ሄጄ ቢሆንስ ኖሮ?» አሉ።

እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘንም። ልጆቻችሁን ለጉዞ የምትሰጡ ወላጆች፣ ለጉዞውም ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት ሆይ፤ የሽማግሌው እውቀት በወረቀት ተጽፎ በአውቶቡሱ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይውረድ። አዛውንቱ ሁልጊዜ በወንዙ ዳር አይገኙምና።